ጋሽ ኪዳነ ጣቢያ ላይ የቆመችው ሴትዮ

ከአገር በወጣሁበት ዋዜማ እናቴም እኔም አልተኛንም፤ ግን ሁለታችንም የተኛን መስለን ነው ያነጋነው። ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋር ግድግዳ እንጋራ ነበር። የጭቃ ግድግዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሳል እንኳ አይደብቅም። የይለፍ ወረቀቱን ያወጣሁት ድሬዳዋ ለአክስቴ ልጅ ሰርግ እሄዳለሁ ብዬ ነው፤ ለሰርግ ለሚሄድ ሰው ደግሞ አይለቀስም። ስለዚህ እማዬ «ለገሃር አልመጣም፤ ከመጣሁ ራሴን አልገዛም፣ አስይዝሻለሁ» አለችኝና ተስማማን። ጠዋት በር ላይ ጉንጬን ሳመችኝና ጎረቤት እንዲሰማት ጮክ ብላ «ሙሽራዋን እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ» አለች።

ሳይሸኙ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኛ አገር ናዝሬት ደርሶ የሚመለሰውን ሰው እንኳ ግማሽ ሰፈር ተከትሎት ይወጣል። እኔ ላልመለስ እየሄድኩ ብቻዬን ተሳፈርኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ወደ ውጭ ሳይ፣ እማዬ መጥታለች።

ያንን አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላዋን ለብሳ፣ ሕፃን ያዘለች አንዲት የማታውቃትን ተሳፋሪ አንገቷን አቅፋ ታለቅሳለች። «ልጄ፣ አደራ፣ ራስሽን ጠብቂ» ትላታለች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ኋላ ምን እንደገባት እንጃ፣ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች ታባብላት ጀመር። እማዬ አገጯን በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አስደግፋ የምታየው ግን እኔን ነበር። ፉርጎዬ በር ላይ መሣሪያ የያዘ ወታደር ቆሟል። ፊቴን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዞርኩ፤ ባቡሩ እስኪነሳ አልመለስኩትም። እማዬ እንዳየኋት አታውቅም።

ሎንዶን እስክደርስ ያለውን ላሳጥረው። ከድሬዳዋ ግማሹን በጫት መኪና፣ ግማሹን በእግሬ ጅቡቲ ገባሁ፤ እዚያ ፈረንጆች ቤት ሠራሁ፤ በእነሱ በኩል መጣሁ። ሂትሮው አየር ማረፊያ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ በአስተርጓሚ «ከአገርሽ በምን ወጣሽ?» አለኝ።

«በባቡር።»

«ከኢትዮጵያ ወደ ሎንዶን ባቡር አለ?»

«እስከ ድሬዳዋ ነው።»

«ከዚያስ?»

«በእግሬ።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጎንበስ አለና እግሬን አየ። «ይኼ ሁሉ መንገድ በዚህ ጫማ?»

«ጫማውን ጅቡቲ ነው የገዛሁት» አልኩት፤ ብቻ በሆነ ነገር አመነኝና አሳለፈኝ።

ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር ክፍል አገኘሁ፣ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሥራ ያዝኩ። ዝናቡ እንደኛ ክረምት መጥቶ፣ አገር አናግቶ፣ አባርቶ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ፤ የዚህ አገሩ ቀኑን ሙሉ ያለቃቅሳል። እንጀራውን ሰልፍ ሬይዚንግ በሚሉት፣ እርሾ ሳይፈልግ በራሱ በሚነፋ ዱቄት እንጋግራለን፤ ዓይን የለውም፣ እንደ ፍራሽ ይወፍራል፣ ግን እንበላዋለን። ይኼ ሁሉ ይለመዳል። አንድ ያልለመድኩት ነገር ስልክ ነው። የምደውለው ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ ጋ ነው፤ ሱቁ ሁልጊዜ ጆሮ ሞልቶታል። እማዬ ከጠፋሁ በኋላ ቀበሌ ጠርተው ሲያፋጥጧት «ለሰርግ ብላ እኔንም አታለለችኝ» ብላ ነው የተረፈችው። ጣቢያ መጥታ እንደነበር ቢታወቅ አለቀላት። እና በደወልኩ ቁጥር፣ ሰላምታው ሲያልቅ «ያኔ ጉዞሽ እንዴት ነበር?» ትለኛለች። «ደህና ነበር» እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይችኑ ጠየቀችኝ። ምን ማወቅ እንደፈለገች መች ጠፋኝ፤ አይተሽኛል ወይ ነው።

ጋሽ ኪዳነን ያወቅኋቸው ሥራ ቦታ ነው። የአስመራ ሰው ናቸው፣ አባቴ ቢኖር ከእሱ ይበልጣሉ። አገራቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እዚህ በሽተኛ በአልጋ የሚገፉ ፖርተር። አንድ ቀን «ቅዳሜ ዊልስደን ቤቴ ነይና ባቡሬን እይ» አሉኝ። ብቸኝነት ነካ አደረጋቸው መሰለኝ ብዬ አዘንኩላቸው።

ቅዳሜ ከቤተክርስቲያን በዚያው ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ አከራያቸው ሚስስ ኖራ የምትባል የአየርላንድ አሮጊት ነች። «አንቺም ባቡሩን ነው?» አለችኝ። «እስቲ ንገሪው። መኝታ ቤቱን ያከራየሁት ለሰው ነው። ባቡሩ መኝታ ቤት ይተኛል፣ ሰውዬው ኩሽና!»

«ባቡሩ አያንኮራፋም፣ ሚስስ ኖራ» አሉ ጋሽ ኪዳነ ከደረጃው ጫፍ ሆነው።

ዳቦዬን በር ላይ አስቀሩት፤ ፍርፋሪው ሐዲድ ውስጥ ይገባል አሉ። ገባሁና አፌን ይዤ ቀረሁ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ጠረጴዛ፣ በላዩ ለምለም ኮረብታ፣ ድልድይ፣ ላሞች፣ ከእጄ መዳፍ የማይበልጥ የድንጋይ ጣቢያ። ሐዲዱ ሁሉን ዞሮ ይመለሳል። እኔ የአስመራን ተራራና ዋሻ ነበር የጠበቅሁት።

«የት ነው ይኼ?»

«ምዕራብ እንግሊዝ። የገጠር መስመር ነው። በዕረፍቴ እየሄድኩ ለክቼ ነው የሠራሁት።»

«የኛን አይሠሩም?»

«የኛን ሐዲድ ነቅለው ምሽግ ሠሩበት፣ ልጄ። የኛን ብሠራ ዓይኔ ምሽጉን ነው የሚያየው። ይኼኛውም ተነቅሏል፤ ግን ተሰብስበው ተነጋግረው ነው የነቀሉት። ማንም አልሞተበትም።» ይህን ብለው በጨርቅ ድልድዩን ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

ጠጋ ብዬ ላይ ስል የነጠላዬ ጫፍ ሐዲዱ ዳር ከቆሙት የባቡር ምልክቶች አንዱን፣ ሲግናል የሚሉትን፣ ጎትቶ ጣለው። «ነጠላሽን አውልቂ! እዚህ ክፍል ነጠላ አይገባም» አሉ፤ ተቆጥተዋል። አውልቄ በር ላይ ሰቀልኩት። ሲግናሉን አቁመው ሲጨርሱ ቁጣቸው በረደና ባቡሩን የሚያስነሳውን መዘውር ሰጡኝ። «ቀስ ብለሽ አዙሪው።»

አዞርኩት። ጥቁሩ ባቡር ፉርጎዎቹን እየጎተተ ከጣቢያው ተነሳ። ጣቢያው ላይ ከአንድ ዩኒፎርም ከለበሰ ሰውዬ በቀር ሰው የለም።

«ሸኚ የለም እንዴ?»

«እንግሊዝ የሚሸኘው በር ላይ ነው። ባይ ባይ ብሎ በሩን ይዘጋል።»

ባዶው ጣቢያ አጠገብ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ አልቻልኩም፣ እንባዬ መጣ። ደንግጠው ወንበር አቀረቡልኝ። ለማንም ያልተናገርኩትን ያን ጊዜ ነገርኳቸው፤ እማዬን፣ ያችን የማታውቃትን ሴት፣ ፊቴን ማዞሬን።

«እዚህ ያቁሙልኝ» አልኳቸው። «ጣቢያው ላይ። በነጠላዋ።»

«አይሆንም። ይኼ ጣቢያ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የነበረው ነው። የእንግሊዝ ጣቢያ ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት አልነበረችም። እዚህ ያልነበረ ነገር አላስቀምጥም።»

«ዛሬ ጠዋት ዊልስደን ጣቢያ ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማ ነበር። እኔ ነኝ። እንግሊዝ አገር አይደለም?»

«ዛሬ ሌላ፣ ያኔ ሌላ።»

«እናቴ ያኔም ነበረች፣ ጋሽ ኪዳነ።»

መሳቢያ ከፈቱና ከጥፍር የማይበልጡ ሰዎች ያሉበት ቆርቆሮ አወጡ። አንዲት ባለ ባርኔጣ እንግሊዛዊት መርጠው ባርኔጣዋን በምላጭ ላጩት፤ ከራሷ እስከ ጉልበቷ ነጭ ቀቧት። ከዚያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው «ጥለቱ ምን ዓይነት ነበር?» አሉኝ።

«አረንጓዴ።»

«በብሩሽ አይወጣም» አሉና ተነሱ። ያልሆነላቸው መስሎኝ ነበር፤ ከኩሽና መርፌ ይዘው ተመለሱ። በመርፌ ጫፍ አረንጓዴ ቀለም እየነኩ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ ጥለቱን ዙሪያውን አወጡላት። ሲደርቅ ጣቢያው ላይ አቆሟትና ባቡሩን ራሳቸው አስነሱ። እሷ ጋ ሲደርስ ቀስ አደረጉት።

እሁድ ደወልኩ። እማዬን ከቤት ጠሯት። ሰላምታው አለቀና «ያኔ ጉዞሽ እንዴት ነበር?» አለች።

«እማዬ፣ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄጄ የመጫወቻ ባቡር አየሁ። ጣቢያው ላይ አንዲት ሴትዮ ቆማለች። ነጠላዋ አረንጓዴ ጥለት አለው።»

በስልኩ ባለሱቁ ስኳር ሲመዝን ይሰማኛል።

«ምን ትሠራለች?»

«ትሸኛለች። የማታውቃትን ሴት አቅፋ ታለቅሳለች፤ የምትሸኘው ግን ባቡሩ ውስጥ ያለችውን ነው።»

«ያችኛዋ ዞርም አላለች» አለች እማዬ፤ ድምፅዋ ቀጠነብኝ።

«መዞር ስላልቻለች ነው። አይታታለች፣ እማዬ። ገና ስትመጣ ጀምሮ አይታታለች።»

አፍንጫዋን በነጠላዋ ስትጠርግ ሰማሁ። «አሁንም ቆማለች?»

«አዎ፣ ቆማለች።»

«እንግዲያ ቤትሽ ግቢ በያት። ብዙ ቆመች፤ እግሯን ያማታል።»

«እሺ፣ እማዬ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዊልስደን ሄድኩ። ነጠላዬን በር ላይ ሰቅዬ ገባሁ፣ የተባልኩትንም ለጋሽ ኪዳነ ነገርኳቸው። መዘውሩን ለቀቁና ባቡሩ ቆመ። «ታዲያ ላንሳት?» አሉኝ።

እጄን ዘርግቼ ጣቢያው ጋ ስደርስ መለስኩት።

«ትንሽ ትቆይልኝ» አልኳቸው።