ከነኮርቻዋ፣ ከነልጇ

የኮሶዬ ጌቶቻችን ርስት ሲቆጠር ባሪያ አሉኝ፤ ልጄ ልታገባ ስትል ደግሞ ወንድም አሉኝ። በየትኛው ይበልጥ እንደምናደድ እስካሁን አልወሰንኩም።

እናቴ የቤቱ ገረድ ነበረች። በንጉሡ ዘመን የጌታው ልጆች አባት እየቆጠሩ መሬቱን ሲካፈሉ፣ ያን መሬት ዕድሜ ልኬን ያረስኩት እኔ ጠጋ አልኩ። የበኩር ልጁ፣ «የቤት ነህ እንጂ የአጥንት አይደለህም» ብሎ አሰናበተኝ። ጎንደር ወርጄ ዘበኛ ሆንኩ።

ደርግ መጣ፤ መሠረተ ትምህርትም መጣ። ሃምሳ ሲጠጋኝ ቀበሌ አዳራሽ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ያስተማረችኝ የገዛ ልጄ ናት፤ ስሳሳት ከሌላው አብልጣ ትቆጣኝ ነበር።

እሷም የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ወደደች። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የዚያው የበኩሩ የልጅ ልጅ። አሁን ሽማግሌ የሆነው በኩሩ ተቃጠለ፤ ግን «የባሪያ ልጅ» ማለት በዚያ ዘመን ቀበሌ ያስጠራል። ስለዚህ ኮሶዬ ደብር ሄዶ ለቄሱ፣ አባቱ ከገረዲቱ እኔን እንደ ወለደ፣ በሚጋቡት ልጆች መካከልም ሰባት ቤት እንዳልሞላ ነገራቸው። ቄሱም ዘመዳሞችን አላጋባም አሉ።

እኔም ደብሩ ሄድኩ። ከቄሱና ከደብሩ ሰዎች ጋር ተቀምጦ የነበረው ሽማግሌ ተነሥቶ ጉንጬን ሳመኝ።

«ምነው አያ፣ ያኔ ይሄ ወንድምነት የት ነበር?»

«ዘመኑ ነው» አለ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔና አንተ እኮ ወንጌል ላይ ተጽፈናል» እያለች ትኮራ ነበር። በረከት መስሏት ነው። ጌታው ኑዛዜውን በደብሩ ወንጌል ህዳግ ላይ አስጽፎ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ይነበብልኝ አልኩ። ቄሱ ማንበብ ጀምረው «በቅሎዬን» የሚለው ላይ ሲደርሱ አሳላቸው፤ ቅጠሉን ሊገልጡ ሲሉ ጣቴን ጣል አደረግሁበት።

«እጅህን አንሣ!»

«አባቴ፣ ጣቴን ካላስደገፍኩ ማንበብ አልችልም።»

መጠቆሚያ ሰንደዶ ሰጡኝ። በሰንደዶዋ ፊደል በፊደል እየነካሁ፣ ላቤ እየወረደ፣ እንዲህ አነበብኩ፦ «ለበኩር ልጄ በቅሎዬን ከነኮርቻዋ፣ ገረዲቱንም ከመተማ እንደ ገዛኋት ከነልጇ።»

«ማን ፊደል አስቆጠረህ?» አለ ሽማግሌው።

«አሁን የወንድምህ ልጅ ያደረግሃት ናታ።»

እንደ ገዛኋት፣ ከነልጇ። መተማ ገበያ ስትሸጥ ታዝዬ ነበርኩ ማለት ነው፤ ጌታው አባቴ ሊሆን አይችልም። እናቴ ስትኮራበት የኖረችው ጽሑፍ ይሄ ነው፤ እኔም ከኮርቻው ቀጥዬ አለሁበት። ለሰው ሁሉ ጮክ ብዬ ማንበቤ ደስ አላለኝም፤ ግን ለልጄ ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።

ቄሱ መጽሐፉን ከደኑና ዝምድና የለም አሉ። ሽማግሌው የቀረውን «ባሪያ» የሚለውን ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ቀበሌው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ዘጋው። ሠርጉ ላይ መጣ፤ ከሁሉ ቀድሞም በላ። ልጄ የተዳረችው እሑድ ጥር 23 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው።