የምራታችን ቀይ ቀለም

ባለፈው እሑድ ከሰዓት እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። «ቶሎ ና፤ ምራታችን በቴሌቪዥን እየታየች ነው» አሉኝ። የሚኖሩት ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ እዚያው ግቢ፣ ፊት ለፊት ካለው ሕንጻ። ጉልበቴን እየያዝኩ ወጣሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሩቅ አገር የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውጭ ቆመው፣ አንዲት ቀይ ማሽን ብቻዋን ወደ ጭስ ትገባለች። አንድ ወጣት ከሩቅ ሆኖ በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ ያዛታል። ውኃ የምትረጨውም፣ ውስጡን በካሜራ የምታየውም እሷው ናት።

«የኛዋ ትበልጥ ነበር» አሉ እትዬ አስካለ።

አትበልጥም ነበር። ግን ትሠራ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም መሥራቷ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አብነት ሰፈር፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ በሚያስገባ ጠባብ ቅያስ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምጠግንባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችኝ። አከራዬ ጋሽ ሙላት፣ የእትዬ አስካለ ባል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ባልደረባቸው ጭስ የሞላው መጋዘን ገብቶ ሳይወጣ ከቀረ ወዲህ የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሰው በፊት ገብቶ የሚያይ ማሽን። «ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን እንኳ ሳናውቅ እኮ ነው የምንገባው» ይሉኝ ነበር።

እኔም በወጣት ድፍረት «እሠራለሁ» አልኩ። ዓመት ፈጀብን። ሞተሮቹን ከተሰበረ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር ፈታን፤ ጎማዎቹን ከእጅ ጋሪ፣ መቆጣጠሪያውን ደግሞ ከምናለሽ ተራ ከገዛናት የልጆች መኪና። ፊቷ ላይ የግቢ በር ካሜራ ገጠምንላት። ጋሽ ሙላት ተረኛ ባልሆኑበት ቀን ግቢው ውስጥ እርጥብ ሣር አጭሰን እንሞክራታለን። እትዬ አስካለ ያሰጡት ልብስ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይራገማሉ፤ እየተራገሙም ቆሎና ሻይ ያቀርቡልናል። በተራ ብርጭቆ ነው ታዲያ። ጠርዛቸው ወርቃማ የሆኑት ስኒዎች ቡፌ ውስጥ ተቆልፎባቸው እንግዳ ይጠብቃሉ። ውሎዬም አዳሬም ከማሽኗ ጋር ስለነበር፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ጋሽ ሙላት «ምራቴ» የሚል ስም አወጡላት።

ሚያዝያ ማለቂያ ላይ አንድም ሳትሳሳት ታዘዘችን። አንድ መሥሪያ ቤት ሰኞ ዕለት ሰዎች ልኮ ሊያያት፣ ከወደዳትም እኔን ሊቀጥረኝ ቃል ገባ። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካት አልኩ። እኛ ቤት ያደገ ሰው ጥሩ ነገር ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ለእንግዳ ይቀመጣል። ቀይ ቀለም ገዝቼ ቀባኋት። አልበቃ ብሎኝ ሰኞ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በግንቦት ልደታ ማለዳ፣ ደገምኩላት።

ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። የበልግ ዝናብ ያራሰው መሬት ይሸታል፤ ጎረቤቱ ተሰባስቦ ንፍሮ ጥዷል፤ ስንዴውና ባቄላው ይንተከተካል። ስድስት ሰዓት ገደማ ከቅያሱ ጫፍ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ከሚከማችበት መጋዘን ጥቁር ጭስ ተነሣ። ከጎረቤት ብየዳ ቤት የተፈናጠረ ፍንጣሪ ነው ተባለ። የእሳት አደጋ መኪናው ቅያሱ ጠቦት አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ ሠራተኞቹ ቱቦውን በትከሻቸው እየጎተቱ ገቡ። የፊተኛው ጋሽ ሙላት ነበሩ።

«ዘበኛው ውስጥ ነው» አለ አንድ ሰው። ወዲያው ሁሉም እንደዚያው ማለት ጀመረ።

ጋሽ ሙላት በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ። «ምራቴን አምጣት» አሉኝ። «መጀመሪያ እሷ ትየው።»

ክፍሌ ከቆምንበት ሠላሳ እርምጃ ብትርቅ ነው። ባትሪዋ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ግን የታየኝ ቀለሟ ነው፤ እርጥቡ ቀለም ላይ ጥላሸት ሲለጠፍበት፣ ሰኞ የሚመጡት ሰዎች ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ።

«ባትሪዋ አልሞላም ጋሼ» አልኩ። «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር።»

አመኑኝ። መብራት ጠፋ ሲባል ማን ይጠራጠራል። «እሺ በቃ» ብለው ጭንብላቸውን አጠበቁና ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ወረደ። ባልደረቦቻቸው ጎትተው ሲያወጧቸው ጭንብሉ ከፊታቸው ላይ የለም። ዘበኛው ሦስት ቤት አልፎ ንፍሮ ተጋብዞ ኖሯል፤ ጩኸቱን ሰምቶ ሲመጣ ንፍሮው ገና በመዳፉ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ማንም አልነበረም። ምራታችን ገብታ ቢሆን ይህንኑ በሁለት ደቂቃ ታሳየን ነበር።

ሰኞ ማንም አልመጣም። ስደውል «ሌላ ጊዜ» አሉኝ፤ ያ ሌላ ጊዜ አልደረሰም። ቀለሟ ግን አንድ ጭረት ሳይነካው አምሮበት ደረቀ። ቆይቶ ለቆራሌው ሰጠኋት።

ጋሽ ሙላት ሰባት ዓመት ኖሩ፤ ኑሮ ከተባለ። ሳንባቸው አልቆ ነበር። ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው ዕጣው አራተኛ ፎቅ አወጣላቸው፤ አንዴ ከወጡ በኋላ ብዙም አልወረዱም። «አይዞህ፤ መብራቱ ነው ጉድ የሠራን» እያሉ የሚያጽናኑኝ እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ቆርጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ያን ቀን» ስል ሳል ያዛቸው። ሳሉ እስኪያልፍ የኔም ድፍረት አለፈ። በዚያው ዓመት ሞቱ። አስከሬናቸውን በዚያ ደረጃ ካወረድነው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ማሽኗ ጥላሸት ለብሳ ከጭሱ ወጣች። ወጣቱ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። እትዬ አስካለ ሻይ አመጡልኝ፤ በወርቃማው ስኒ። «ከእንግዲህ ለማን ላስቀምጠው ብለህ ነው» አሉ። ብነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ። ለሳቸው አዝኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ፤ ሳልነግራቸው እንደምንለያይም አውቀዋለሁ።

«ያን ሌሊት መብራት ያጠፋውን ሰው» አሉ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «እግዜር የእጁን ይስጠው።»

እኔም እንደ ሁልጊዜው «አሜን» አልኩ።