ኮሽ የማይል ልብስ

ለአደን የሚሆን ልብስ የሚመረጠው በጆሮ ነው። ይህን እኔም ያወቅሁት ከተዋረድኩ በኋላ ነው።

ከሰርቦ ወዲያ፣ ወዳጄ ቡና በተከለበት መንደር፣ ድኩላና ከርከሮ ማሳውን ሲያስቸግር ሰዉ አስፈቅዶ በዓመት አንድ ቀን ለአደን ይወጣል። ወጣቶቹ ውሾቻቸውን ይዘው ከታች እየጮኹ ይነዳሉ። እኛ ሽማግሎቹ ከላይ በር በሩን እንይዛለን። በር የምንለው አውሬው የሚያልፍበትን ጠባብ መንገድ ነው። የበር ጠባቂ ሥራው ዝም ማለት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የቡና መጋዘን ዘበኛ ሆኜ ስለኖርኩ ዝም ብሎ መቀመጥ አያቅተኝም።

ታዲያ አምና ልጄ ከአዲስ አበባ የላከልኝን ጃኬት ለብሼ ሄድኩ። ላይዋ የሚያበራ፣ ውስጧ ጥጥ የተጠቀጠቀባት፣ እንደ ፍራሽ የምትሞቅ ጃኬት ነች። ትልቅ ወንድ ድኩላ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ጦሬን ላነሳ ክንዴን ሳንቀሳቅስ ጃኬቷ እንደ ብስኩት ፌስታል ኮሽሽ አለች። ድኩላው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ዞሮ በነጂዎቹ መሃል ሾልኮ ጠፋ።

«ጃርሳው ብስኩት ሊበላ ነው እንዴ የመጣው?» አለ ከታች አንዱ፤ ጃርሳ ሽማግሌ ማለት ነው። ጫካው በሙሉ ሳቀብኝ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ድኩላ ባይወድቅ ኖሮ ባዶ እጃችንን ነበር የምንመለሰው።

እዚህ ላይ የቢላዋውን ተራ ካልነገርኩ የቀረው አይገባም። የተወጋ አውሬ ነፍሱ ሳትወጣ ተባርኮ መታረድ አለበት። ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ክርስቲያን ያረደውንም ሙስሊም አይበላም። ስለዚህ በእኛ በክርስቲያኖቹና በእነሱ በሙስሊሞቹ መካከል ከድሮ ጀምሮ ተራ አለ፤ አንድ ዓመት በእነሱ ቢላዋ፣ በሚቀጥለው ዓመት በእኛ። ሥጋው ተራው ለደረሰው ወገን ነው። ሌላው እየቀለደ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ድሮ በእኛ ወገን አናጢው፣ ልብስ ሰፊውና የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ነበሩ። ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉ ልጆቹ ዘንድ ሄደ፤ አሁን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ሳልሄድ ከቀረሁ ተራውም ቀረ ማለት ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ታዲያ ከአደኑ በፊት ወዳጄ ደወለ።

«ያቺን ጃኬትህን እንዳታመጣ» አለኝ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ።

«አላመጣም።»

«ለስላሳ ነገር ፈልግ። በሳሙና እንዳታጥበው፣ ለአውሬው ይሸተዋል። ዋላሂ፣ ካላገኘህም ግድ የለም፤ ዘንድሮ ዕረፍ። ብርዱም አይመችህም።»

«መቼ ነው የምንወጣው?»

«ረቡዕ።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ወዳጅነታችን ልጆቻችን ሳይወለዱ የጀመረ ነው፤ አንድም ቀን ዕረፍ ብሎኝ አያውቅም። ተራው የእኔ በሆነበት ዓመት ስለ ብርዱ አሰበልኝ! ቀኑ ደግሞ ረቡዕ፣ የጾም ቀን። እነዚያ ሁሉ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ ሮጠው ሥጋውን አንድ ሽማግሌ ተሸክሞት ሲሄድ ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ መጋዘን ስጠብቅ የኖርኩትም በዚሁ ነው።

ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«ረቡዕ ቢታረድ ሐሙስ ይበላል» አለች። «ሥጋ እንጂ ወተት አይደለም፣ አይደፋ።»

«በሳሙና አትጠበው ያለውስ?»

«እሱስ እንድትሸት ፈልጎ ይሆናል» ብላ ሳቀች። ቆየት ብላ ግን፣ «ሂድ እንጂ። ካልሄድክ እኮ ዓመቱን ሙሉ ይሄንኑ ነው የምሰማው» አለችኝ።

በማግስቱ ሰልባጅ ተራ ወረድኩ። አዲስ ልብስ ለጫካ መግዛት ሞኝነት ነው፤ እሾሁ ገና በመጀመሪያው ቀን የራሱ ያደርገዋል። ችግሩ ሰልባጅ ላይ ሁሉም ያታልላል፤ ልብሱም ሻጩም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ ብል እንዳልበላው አያለሁ። ከዚያ ብብቱን አሸታለሁ። ከዚያ ኪሶቹን ገልብጬ ስፌቱን ጎተት አደርጋለሁ። መጨረሻ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እጅጌውን ጆሮዬ ሥር እፈትገዋለሁ።

ሻጩ ወጣት ነው፤ ከክምሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«አባባ፣ ስልክ እያወሩ ነው?»

«ኮሽ የማይል ነው የምፈልገው።»

«ለምን? ሊሰርቁ ነው?» አለና በዙሪያው ያሉትን አሳቀ። ለአደን መሆኑን ስነግረው ፊቱ በራ፤ ዘልሎ ከክምሩ ሥር አንድ አረንጓዴ ዝንጉርጉር ጃኬት መዘዘ። «ይሄው! ፈረንጆቹ ለአደን የሚለብሱት ራሱ ነው። አውሬው ቅጠል ነዎት ብሎ አጠገብዎ ይመጣል።»

ጨርቁ ጥሩ ነበር፤ ድምፅም የለውም፤ ዋጋውም ቀላል። ይህን ያህል ጥሩ ነገር ይህን ያህል መርከሱ ግን አላማረኝም። ለካ ማንም ያልገዛው በምክንያት ነው፤ መልኩ ቁርጥ የወታደር ልብስ።

«ልጄ፣ ይሄን ለብሼ ሰርቦ ኬላ ላይ ስደርስ አዳኝ ነኝ ብል ማን ያምነኛል?»

«አባባ ደግሞ! እርስዎን ማን ይጠረጥራል?»

«እኔ ብሆን እጠረጥር ነበር።»

ከዚያ የቆዳ ጃኬት አሳየኝ፤ ሲታጠፍ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል። የዝናብ ልብስ አመጣ፤ እሱስ ገና ሳልነካው ይንኮሻኮሻል። በመጨረሻ ከታች፣ ማንም ያልፈለገው፣ እንደ ደረቅ መሬት ቡኒ የሆነ የሱፍ ጃኬት አገኘሁ። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ኮሌታው በዚፕ እስከ አገጭ የሚዘጋ። ጆሮዬ ሥር ፈተግኩት፤ ዝም አለ። እንደገና ፈተግኩት፤ ዝም።

«ባለቤቱ ሞቶ ነው?» አልኩ። ሰልባጅ የሙታን ልብስ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያረጀሁት።

«ኧረ አባባ፣ ባለቤቱ ወፍሮ ነው!»

ግማሹን ዋጋ ጠራሁ፤ በፈጣሪ ስም እየማለ ትንሽ ቀነሰልኝ። አማርሬ ገዛሁ። ሱሪ አልገዛሁም፤ የዘበኝነት ካኪዬ አለ። ካኪ ቀለሙ በለቀቀ ቁጥር ለጫካ ይመቻል። የሱሪው ጫፍ ካልሲ ውስጥ ይገባል፤ አለበለዚያ ጉንዳን ሽቅብ ይወጣና ዝም ብሎ መቀመጥ ቀልድ ይሆናል። ጫማ በተመለከተ ቦቲ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ውስጡ አየር ይዞ ሲራመዱበት ቧ ቧ ይላል። አሮጌ ሸራ ጫማ ይበቃል፤ ቢረጥብም ይደርቃል።

ጃኬቱን በውኃ ብቻ አጠብኩትና ከጓሮ ቡና ቅርንጫፍ ላይ ሰቅዬው አደርኩ። የሌላ ሰው ሽታ አልለቀቀም። ባለቤቴ ወዳጄን አመሰገነችው፤ በአሽሙር።

ረቡዕ ማለዳ በሚኒባስ ወዳጄ ቤት ደረስኩ። ጦሬ ዓመቱን ሙሉ እሱ ቤት ነው የሚቀመጠው። ወዳጄ በሩ ላይ ቆሞ ጃኬቱን ዳሰሰው፤ እጅጌውን ይዞ እሱም ጆሮው ሥር ፈተገው።

«ጋሪ ነው፣ ጋሪ ነው» አለ። ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት ልለይ አልቻልኩም።

ዘንድሮ ከጎረቤት መንደር የመጡ የማላውቃቸው ወጣቶች ተጨምረዋል። ስለ ተራው አንዳቸውም ምንም አላሉም። ወዳጄም አላነሳው። አንድ ነገር ሰው ሁሉ ዝም ሲለው፣ ወይ ተረስቷል ወይ ተመክሮበታል። የሰጡኝ በር ደግሞ ከሁሉም የራቀው፣ ከላይ ገደሉ ሥር ያለው ነበር፤ አውሬ ብዙ የማያልፍበት። «እዚያ ነፋስ የለም፣ ይሻልሃል» አለኝ ወዳጄ። አሁንም ስለ ብርዱ! ወጣሁ፤ ኮሌታዬን እስከ አገጬ ዘጋሁ፤ ራሴን በፎጣ ጠመጠምኩና ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

ጩኸቱና የውሾቹ ድምፅ ከታች ተነሣ፤ ወደ ሌላው በር ሄደ። እንዳሰብኩት ነው አልኩ በልቤ፤ እዚህ አስቀምጠውኝ እዚያ ያርዳሉ። ይህን እያሰብኩ እያለ ቅጠሉ ሳይነቃነቅ፣ እንደ ሌባ ቀስ ብሎ፣ ድኩላው ፊቴ ቆመ። ጆሮዎቹ ይዞራሉ። ክንዴን አነሳሁ። ጃኬቱ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ወረወርኩ፤ ወገቡን አገኘሁት። ዘሎ ቁልቁል ወረደ፤ ውሾቹ ደረሱበትና ከጅረቱ ዳር ጣሉት።

እየተንሸራተትኩ ስደርስ ሦስት ወጣቶች ቀድመውኛል፤ ከጎረቤት መንደር የመጡት ናቸው። አንደኛው ቀንዱን ይዟል። ሌላው ቢላዋ መዝዞ በእጄ አስያዘኝ።

«አባባ፣ ታላቅ እርስዎ ነዎት። ማሎ፣ እባክዎ ቶሎ ይበሉ፣ ሳይሞት! ቢስሚላሂ ይበሉ!»

ቢላዋው እጄ ላይ ነው። ተራውም የእኔ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ማተቤን አላዩም፤ ኮሌታዬ ሸፍኖታል። ጠዋት አሰላሙ አሌይኩም ብያቸዋለሁ፣ በኦሮምኛ ቀልጃለሁ፤ የእነሱ ሽማግሌ መስያቸዋለሁ። በከንፈሬ በስመ አብ ብዬ ባርድ ሳያውቁ ሊበሉት ነው። ደግሞስ እየፈተኑኝ ቢሆንስ? ዘወር ብዬ ጫካውን አየሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው የለም።

«ልጄ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ» አልኩ።

«ይቀልዳሉ?»

«ማተብ አለኝ።» ዚፑን ሳብኩት። ያዘ። ባለቤቱ የወፈረበት ጃኬት፣ ዚፑ ከሱፉ ጋር ተነካክሶ አልላቀቅ አለ። በአንድ እጄ ቢላዋ፣ በአንድ እጄ አገጬ ሥር እታገላለሁ። ድኩላው ያቃስታል።

የባለቢላዋው ፊት ተለወጠ። «ለምንድነው የደበቁት?» አለ። «ሊያበሉን ነበር?»

ስንት ቀን ሰው ስጠረጥር ከርሜ፣ አሁን እኔው ተጠረጠርኩ። ዚፑን እየጎተትኩ ሳለ ወዳጄ እያለከለከ ከላይ ደረሰ። ዓይኑ ከድኩላው ወደ ቢላዋው ሄደ።

«ልቀቁት!» አለ። «ተራው የእሱ ነው። ይረድ!»

«የምን ተራ?»

«የቢላዋ ተራ። እናንተ ሳትወለዱ የነበረ ነው። አምና በእኛ ነበር፣ ዘንድሮ በእሱ ነው።»

«ሁላችን ከማለዳ የሮጥነው ለአንድ ሰው ነው?» አለ ቀንዱን የያዘው። «እንዲህ ከሆነ ከዓመት ወዲያ አይምጡብን በቃ!»

ወዳጄ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እረድ» አለኝ። ፊቱ ላይ የምፈልገውን ተንኮል ፈለግሁ፤ ላብ እንጂ ሌላ አላገኘሁም።

ማረድ እችል ነበር። ባርድ ግን ያ ልጅ ያለው እንደሚሆን ገባኝ፤ ሥጋውን ተሸክሜ እሄዳለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሚደውልልኝ የለም። ቢላዋውን በእጀታው በኩል ለወጣቱ አዞርኩለት።

«እረድ ልጄ፣ ሳይሞት። ተራዬን ግን ለእናንተ አልተውኩም፤ ወደሚቀጥለው ዓመት አሻገርኩት። የእኔ ሳይወጣ የእናንተ አይመጣም።»

ልጁ ወደ ወዳጄ አየ። ወዳጄ ራሱን ነቀነቀለት። «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለና አረደ፤ ደሙ ቅጠሉ ላይ ፈሰሰ። እፎይ አልን።

ወዳጄ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ መሳቅ ጀመረ። «ገብቷችኋል ምን እንዳደረገ?» አላቸው። «በሚቀጥለው ዓመት እሱ ካልመጣ ማንም አያርድም። ይሄ ዘበኛ በሩን ከውስጥ ቆለፈው!»

ከዚያ እኔም ጠየቅሁት፤ ረቡዕን ለምን፣ ዕረፍ ማለቱንስ ለምን። ረቡዕን የሰጠን ቀበሌው ነው አለ። አምና ከአደኑ በኋላ ስታስል ከርመህ ባለቤትህ በስልክ ረግማኛለች አለ። አመንኩት፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። የራቀውን በር ለምን እንደሰጠኝ አልጠየቅሁም፤ ድኩላው ራሱ መልሶልኛል።

ሥጋውን በእንጨት አንጠልጥለው ቁልቁል ስንወርድ ባለቢላዋው ወጣት ከኋላዬ ቀረ። ቆይቶ አጠገቤ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አባባ፣ አይበለውና ከሚቀጥለው ዓመት በፊት ቢሞቱስ?» አለኝ።

«ያን ጊዜ ተራው እንደቆመ ይቀራል። እናንተም ጎመን ትበላላችሁ።»

ከዚያ ክንዴን ያዘኝ። «ቀስ ይበሉ፣ እዚህ ጋ ያዳልጣል» አለ፤ ጦሬንም ተቀበለኝ። እስከ መንገዱ ድረስ እንደ እንቁላል ይዞ አወረደኝ። ያን ያህል የተጠነቀቀው ለእኔ ይሁን ለተራው፣ አልጠየቅሁትም።