ለስግደት የሚሆን ወለል

አያት ላይ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ ስንረከብ ቤቱ ውስጥ የነበረው ግድግዳና ሸካራ የሲሚንቶ ወለል ብቻ ነበር። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሁሉ ያንን ወለል ያውቀዋል፤ በጠረጉት ቁጥር አቧራው አያልቅም። ባለቤቴ ሊሾ እናስደርገውና እንግባ አለ። እኔ ግን በሰው ቤት ሊሾ ላይ ተከራይቼ ስኖር ስመኘው የከረምኩት ነገር ነበር፤ ፊቴን የሚያሳየኝ ነጭ ሴራሚክ። ፓርኬም፣ ላሚኔትም፣ እንጨት የሚመስል ፕላስቲክም አሳዩኝ። ዞር ብዬም አላየኋቸው።

እውነቱን ለመናገር ቤቱን የፈለግሁት ለእናቴም ጭምር ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ መሀል፣ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከእኛ ጋር ኑሪ ብዬ ያልለመንኩበት በዓል የለም። እሷም ሁልጊዜ መጀመሪያ ቤት ይኑራችሁና እናየዋለን ትለኝ ነበር። አሁን ቤት አለን፤ ሁለተኛዋ መኝታ ቤት የእሷ ናት። ምክንያት አጣች ብዬ በሆዴ ፈነደቅሁ።

የእናቴ ቤት ወለል አባቴ በእጁ የመታው ጣውላ ነው። በምሥራቅ በኩል ካለው መስኮት ሥር ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉት፤ የጉልበቶቿ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ትሰግዳለች፣ ጾም ሲገባ ደግሞ ቁጥሩን እሷና እግዜር ብቻ ያውቁታል። ልጆች ሆነን ብይ ስንጫወት ብዩ ተንከባሎ የሚገባው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሴራሚክ ስመርጥ ትዝ አላለኝም።

ሳሎኑ ሴራሚክ እንደለበሰ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ እናቴን ጠርተን አመጣናት። ደጁ ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ወለሉን አየች፣ የሚያበራ ነው አለች። ከዚያ ቤቱን ልትመርቅልን ወደ ምሥራቅ ዞራ አማተበችና ሰገደች። መዳፏ ወለሉን እንደነካ ወደፊት ሸሸ፣ ጉልበቷም ተከተለው፤ ያ ውድ ሴራሚኬ እናቴን ከነነጠላዋ ይዟት ሄዶ ግድግዳው ሥር አደረሳት። ደንግጠን ስንሮጥ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ ልቤ ጠፍቶ እሷ ከሳቋ ብዛት መነሳት አልቻለችም።

ስትወጣ ግን ሳቋ ጠፍቶ ነበር። ነጠላዋን እያስተካከለች፣

«ቤታችሁ ያማረ ነው፣ ልጄ። እመጣለሁ፤ ለእንግድነት» አለችኝ።

ያቺ «ለእንግድነት» የምትል ቃል አንጀቴን ቆረጠችው። ባለቤቴ ደግሞ ቁስል ላይ እንጨት ሊሰድ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ ተረተብኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ደግነቱ የእሷ መኝታ ቤት ገና አልተነጠፈም። በሳምንቱ መገናኛ አካባቢ ወዳለ የወለል ዕቃ መሸጫ ይዣት ሄድኩ፤ ራሷ ትምረጥ ብዬ። ሻጩ ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ከስልጤ የመጣ ጎልማሳ ነው። ይኼ ውሃ አይፈራም፣ ያኛው አይጫርም እያለ ሲያስረዳ እናቴ በትዕግሥት ሰማችው። ሲጨርስ ጫማዋን አውልቃ ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችው፤ አሳያት። መሬት ላይ በተዘረጋው የሴራሚክ ናሙና ላይ ሰገደች፤ ይበርዳል አለች። ላሚኔቱ ላይ ሰገደች፤ ከሥሩ ባዶ ነው አለች። ፕላስቲኩን እንደ ታክሲ ወንበር ይጣበቃል ብላ ናቀችው። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሻጩ ግን አልሳቀም። እጇን ይዞ አነሳትና፣

«እማማ፣ እኔም በቀን አምስት ጊዜ ግንባሬን መሬት የማስነካ ሰው ነኝ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ለጉልበትዎ የሚሆን የለኝም። ጣውላ ያስመቱ» አላት።

ምንም ሳይሸጥልን ላምበረት ያለ የሚያውቀውን አናጢ ጠቆመን። እናቴ እጁን ይዛ ረጅም ምርቃት መረቀችው፤ እሱም አሜን አሜን ይላል። ታክሲ ውስጥ፣ አየሽ፣ ነጋዴ እንደዚህ ነው እያለች እስከ አያት ድረስ ሰበከችኝ። እኔም ከዚያ ሁሉ ኀፍረት በኋላ ደስ ደስ ይለኝ ጀመር።

አናጢው ጣውላውን በአራት ቀን መትቶ ጨረሰ። ክፍሉ አዲስ እንጨት አዲስ እንጨት ይሸታል። እናቴ ለጥምቀት እንደሚመጣ እንግዳ አንዲት ፌስታል ብቻ አንጠልጥላ መጣች። ፌስታሏን ሳይ ተስፋዬ ወረደ። ከመስኮቱ ሥር ቆማ አማተበች፣ ሰገደች፣ ተነሳች፤ እንደገና ሰገደች። ጣውላው ሲጥ አለ። ከዚያ ቁጭ ብላ እንጨቱን በመዳፏ ዳበሰችው።

ዝም ማለት አቃተኝና፣ እንግዲህ ያ የቤትሽ ጎድጓዳ ነው የጎደለው አልኳት።

«ያኛው አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል» አለች፣ ዓይኗን ከእንጨቱ ሳታነሳ። «ይኼኛውም ያንኑ ያህል ሳይፈጅብኝ አይቀርም።»

ሰባን ያለፋት ሰው ናት ይህን የምትለው። እኔ ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ። እሷ እንዳላየ ሆና ባለቤቴን ጠራችውና ነገ እንጦጦ ወጥቶ ሳጥኗን እንዲያመጣላት አዘዘችው።