አባቴ ፍሎሪዳ የቀረበት ነሐሴ

ባለፈው ረቡዕ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ካለ ሱቅ ወጥቼ ዕቃ መኪናዬ ላይ ስጭን የከተማው የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ነበር፤ ለሙከራ እንደሚነፉት እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ከጎኔ የቆመችው ሴት ቀና ብላ እንኳ አላየችም። እኔ ግን የወተቱን ጋሎን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ከጎረቤታችን ቴሌቪዥን ውስጥ ነው፤ አባቴ ድምፁ ከሚጮህበት አገር እያለ።

የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነበር። እኔ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቴን ልጀምር ነው። ፍሮግታውን ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ደረጃው የሚያቃስት አሮጌ የእንጨት ቤት ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባቴ የደሴ ሰው ነው፤ አገር ቤት የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፣ እዚህም ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። በዚያ ሳምንት በፍሪዘር ትሬለር ዶሮ ጭኖ ከኛ ሰሜን አገር የቀናት መንገድ ወደሚርቀው ፍሎሪዳ፣ ወደ ማያሚ ወረደ።

ቅዳሜ ከመንገድ ደወለልን።

«ነፋስ አለ ይላሉ» አለችው እናቴ።

«እነሱ ሁሌ ነፋስ አለ ይላሉ» ብሎ ሳቀ። «ሎዱን ዴሊቨር አድርጌ እመለሳለሁ።»

የኛ ቴሌቪዥን አንቴናው ስለተሰበረ ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። እታች የሚኖሩት ሽማግሌ ኤርትራዊ ግን ኬብል ነበራቸው፤ ቀን ከሌት ስለ አየር ጸባይ ብቻ የሚያወራ ቻናል ያዩ ነበር። አቦይ ነበር የምንላቸው። ወጣት ሆነው አሰብ ወደብ ሠርተዋል፤ ከአባቴ ጋር ስለዚያ መንገድ አቧራ ሲያወሩ ይመሽባቸው ነበር። እሑድ ጠዋት በራችንን አንኳኩ። «እህቴ፣ ውረዱ፤ እኔ ጋ ሆናችሁ እዩ» አሏት እናቴን።

ቤታቸው የናፍታሊንና የሚቀባ መድኃኒት ሽታ ነበረው። ሙቀት እንዳይገባ መጋረጃው ተዘግቷል፤ የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን ፊታችን ላይ ይወዛወዛል። ባሕሩ ላይ አንድ ነጭ ክብ ነገር እየዞረ ወደ የብስ ይጠጋል።

«ያቺ ነጯ ነገር ናት?» አለች እናቴ።

«አዎ።»

«ሰውዬው ምን ይላል?»

ሰውዬው መውጣት የሚችል ሁሉ አሁኑኑ ይውጣ፣ የማይችል ወደ መጠለያ ይግባ፣ ነፋሱ ጣሪያ የሚነቅል ነው እያለ ነበር። እኔ «ሰዎች እየተጠነቀቁ ነው ይላል» አልኳት።

እናቴ ከቴሌቪዥኑ ዞር ብላ አየችኝ። «ይህን ያህል አውርቶ እሱን ብቻ ነው ያለው? አታለሳልሺልኝ። እንዳለው ንገሪኝ።»

ከዚያ በኋላ እንዳለው ነገርኳት። አንዳንዱን ቃል በአማርኛ አላውቀውም፤ አቦይ ይሞሉልኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታችን ወጥተን ሳለ አባቴ ደወለ። ከኋላው የብዙ መኪና ጡሩምባ ይሰማል። «መንገዱ ሞልቷል፤ መኪና አይንቀሳቀስም። ትሬለሩ ረጅም ስለሆነ ነፋሱ መንገድ ላይ ካገኘኝ ይገለብጠኛል። ፖሊሶቹ አንድ ትምህርት ቤት አሳይተውኛል፣ መጠለያ አድርገውታል። መኪናዬን ከሕንፃው ጀርባ አስጠግቼ አቆምኩ።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «ምን በላህ?»

ምን እንዳላት አልሰማሁም። «ስልኩን ሰው ወረፋ ይጠብቃል አለኝ፤ ዱዓ አድርጉ ብሎ ዘጋ» አለችና ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ እናቴ ሱብሂ ሰግዳ እንደጨረሰች፣ ወረድን። አቦይ ልብሳቸውን ለብሰው ይጠብቁን ነበር። ጋዜጠኛው የዝናብ ልብስ ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ይጮሃል፤ ከበስተኋላው ያ ሳይረን። ከዚያ ምስሉ ጠፋና ድምፁ ብቻ ቀረ። እንደ ሰው የሚያቃስት ረጅም ድምፅ ነበር። እናቴ የሙስበሃዋን ዶቃ መቁጠር አቆመች።

«ባሕር ሲነሳ አሰብ ላይ…» ብለው ጀመሩ አቦይ፤ አልጨረሱትም።

ፀሐይ ወጥታ ስመለከት መንገዳችን ላይ ልጆች ሳይክል ይነዳሉ። የአይስክሬም መኪናው ሙዚቃውን ከፍቶ አለፈ። እስከዛሬ ያን ሙዚቃ አልወደውም።

በኋላ ከሄሊኮፕተር ላይ የተነሳ ምስል ማሳየት ጀመሩ። ሰፈር የነበረው ሁሉ አውድማ ላይ እንደተበተነ ነዶ ሆኗል። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። አባቴ ከሚሠራበት ድርጅት ጭነት የሚመድበው ሰው ጋ ስደውል «እኛም አላገኘነውም፤ ስናገኘው እንደውልልሻለን» አለኝ። በቴሌቪዥኑ የሚያሳዩት የጠፋ ሰው መጠየቂያ ቁጥር ሁልጊዜ ተይዟል። ቀኑ በቀኑ ላይ ተደረበ፤ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ውሃ የት አለ፣ መንግሥት የት አለ እያሉ ይጠይቃሉ።

«ይሄ ሁሉ ሄሊኮፕተር እያለ?» አለች እናቴ። «ከላይ ሆነው ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሱት?»

ወሬው ተሰማና የመስጊድ ሰዎች መጡ። ሴቶቹ ምግብ ይዘው ነበር። አንዷ ሰው ይበዛል ብላ ይሆናል፣ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ማንጠፍ ስትጀምር እናቴ ክንዷን ያዘቻት። «ፍራሽ አታንጥፉብኝ። ለቅሶ ቤት አይደለም። ወንበር ላይ ተቀመጡ።» ወንበር አልበቃም፤ ግማሾቹ ቆመው በሉ።

ከዚያ ወታደሮች ወደ ፍሎሪዳ ሲገቡ በአቦይ ቴሌቪዥን አየን። ድንኳን ተተከለ፣ የውሃ ቦቴ መጣ፣ ሰው ባልዲ ይዞ ተሰለፈ። እናቴ ከቴሌቪዥኑ መስታወት ሥር ቁጢጥ ብላ የሰልፈኛውን ፊት አንድ በአንድ ታይ ነበር። «ያ ጃኬት የሱ አይደለም?» ትለኛለች፤ ሳልመልስላት ካሜራው ያልፋል።

ስልኩ የጮኸው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ አነሳሁት። መስመሩ ይንሿሿል።

«አለሁ» አለ አባቴ።

ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። መጀመሪያ ትንፋሹን ብቻ ነበር የምታዳምጠው። እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ወታደሮቹ በዘረጉት ስልክ ነው የምደውለው አለ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ጣሪያ ተነቅሎ ሄዷል፤ ሰው ሁሉ ኮሪደር ላይ ተደራርቦ ተኝቶ ነው ያለፈው። የመኪናው የፊት መስታወት ረግፏል፣ ትሬለሩ ግን ቆሟል። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«የሰው አማና፣ የሰው አደራ ከፈትኩ» አላት። «ናፍጣው አልቆ ፍሪዘሩ ቆመ፣ ዶሮው መቅለጥ ጀመረ። ሕፃናቱ ይራባሉ። ድርጅቱን ላስፈቅድ ብል ስልክ የለም። ከፈትኩት። ግቢው ውስጥ እንጨት ለቅመው ጠበሱት።»

«በሉ?»

«በሉ።»

«እንግዲያው አላህ አይቷል» አለች እናቴ። ድርጅቱም ኋላ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም፤ እኛ ግን ያኔ ይህን አናውቅም።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለችው።

«ከጎረቤት ግዛት፣ ከጆርጂያ፣ ውሃና በረዶ የሚያመላልስ ሹፌር ይፈልጋሉ። መስታወቱን አስገጥሜ ትንሽ ልርዳቸው።»

«ሌላ ሹፌር የለም?»

«አለ። አልበቃም።»

እናቴ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና ወደ ኩሽና ሄደች። ያን ሁሉ ቀን ያላለቀሰችው ሴት የታጠበ ብርጭቆ እንደገና እያጠበች አለቀሰች። በዚያ ሰሞን የምትነግረኝ እሱ ሲመጣ የምትለውን ብቻ ነበር። «ይምጣ ብቻ። ያገባው እኔን ነው ወይስ ሹፌርነቱን ብዬ እጠይቀዋለሁ። ልጅ የለህም ወይ እለዋለሁ።»

አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ አቦይም ከሱ በፊት ሄደዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ግን ተመልሶ የመጣበት ቀን ነው። ትምህርት ተከፍቷል፣ በራችን ላይ ያለው ዛፍ ጫፍ ጫፉ ቀልቷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ደረስኩበት፤ ቦርሳውን አስቀምጦ ቆሟል። ፂሙ አድጓል፣ አንገቱ ቀጥኗል፣ ልብሱ የናፍጣና የሻገተ ጨርቅ ሽታ አለው። ግንባሬን ሳመኝ፤ በሩን ግን እኔ ነኝ የከፈትኩት።

እናቴ ምግብ እያቀረበች ነበር። አየችው። ያ የተዘጋጀችበት ንግግር ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። «እጅህን ታጠብ» አለችው።

ወደ ቧንቧው ሊሄድ ሲል ጆኩን አንስታ የእጅ ማስታጠቢያውን ሳህን አቀረበችለት፤ ቤታችን ውስጥ እንዲህ የሚደረገው ለእንግዳ ብቻ ነበር። እጁን ዘረጋ። መዳፉ በሽቦና በጣውላ ተቆራርጧል፤ ጥፍሮቹ ሥር የገባው ጥቁረት አይለቅም። ቀስ እያለች አፈሰሰችለት።

«ይበቃል» አላት ጥቂት ቆይቶ፣ ወደ ሳህኑ እያየ። «ውሃው ይባክናል።»

ጆኩ ሲያልቅ እናቴ ሄዳ ሞላችውና ተመልሳ ማፍሰሷን ቀጠለች።