ሄደም ተረፈም

ዓሚኔ ልጆቿን ያሳደገችው ሰቆጣ ገበያ ዳር ሻሽና ጨርቅ እየሸጠች ነው። የበኩር ልጇ ሚፍታሕ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ከእናቱ ጋር ሱቅ መዋሉ አሳፈረው። ከጎረቤት ወረዳ ከጋዝጊብላ ከሆነው ጓደኛው ከሸጋው ጋር ተማክሮ፣ በጅቡቲ አድርገው በየመን ሳዑዲ ሊገቡ አብረው ወጡ። አባቱ ሰላሕ አኩርፎ ሳይሰናበተው ቀረ፤ ዓሚኔ ግን ልቧ እየፈራ ሸኘችው።

ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ሰንብቶ ከማታውቀው የውጭ ቁጥር መልእክት ገባላት፤ እንግሊዝኛ ነው። ሚፍታሕን ወዳስተማረው ወደ መምህር ቢሆነኝ ቤት እየሮጠች ሄደች።

መምህሩ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«ምን ይላል? አይደብቁኝ መምህር።»

«ጀልባዋ ተሰብራለች ይላል፣ እትዬ ዓሚኔ። ጥቂቶች ተርፈዋል።»

«ልጄስ?»

«ሚፍታሕ ‹ሌፍት› ይላል።» ላቡን ጠረገ። «ቃሉ ሄደ ማለት ነው። ተረፈ ማለትም ይሆናል፤ ቅድም ተርፈዋል ያልኩዎት በዚሁ ቃል ነው። ግራ እጅም በሱው ነው የሚጠራው።»

«ግራውን ይተዉት! ሄደም ተረፈም በአንድ አፍ?»

«አዎ።»

«ምን ጉድ ሕዝብ ነው፣ የሄደውን ከተረፈው የማይለይ!»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። «አገባቡ ወደ ሄደ ያደላል። ግን የጻፈው ሰው እንግሊዝኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ተርፏል ሊል ፈልጎም ይሆናል።»

«ሄደ ከሆነስ ወዴት ሄደ? በእግሩ ነው ወይስ…» መጨረስ አቃታት። ወደ ቁጥሩ ቢደውሉ ዝግ ነው።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ ያውቃል የተባለን ሁሉ መንገድ ላይ እያቆመች ስልኳን ታሳያለች። ፊቷን ያየ ሁሉ «ተርፏል» ይላታል። ሰላሕ በመጨረሻ፣ «ዓሚኔ፣ ሰደቃ እናውጣለት፤ ልጁን በሞቱ አንበድለው» ቢላት፣ «በቁሙ አትቅበርብኝ!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት በአንድ ማዕድ ቀርበው አይነጋገሩም።

ሸጋው ባሕር ማዶ ታስሮ ከርሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ሱቋ ድረስ መጣ። ጉንጩ ጎድጉዷል። መቀመጫ እንኳ ሳትሰጠው፣ «ሄደ ነው ተረፈ?» አለችው።

«እማማ፣ ጀልባዋ ስትገለበጥ እጄን ይዞኝ ነበር። ውሃው ለያየን። ዳር ከወጣነው መካከል የለም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ስልክዎን በቃሌ ስለማውቀው አንድ ዓሣ አጥማጅ እንዲጽፍልዎ በምልክት የለመንኩት እኔ ነኝ።»

አላለቀሰችም። «ውሃው ይበርድ ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችው።

«አይ፣ ሞቃት ነው።»

ሰደቃው ወጣ። የሚቆምበት መቃብር ስለሌለ ሰዉ ግቢው ውስጥ ዱዓ አድርጎ ተበተነ። ሰላሕ ጥግ ይዞ፣ ያን ዕለት ልጁን ባለመሰናበቱ ሲያለቅስ ዋለ።

በዓመቱ ጋዝጊብላን ዝናብ ከዳት። ሸጋው እንደገና ሊሄድ ነው። ሊሰናበታት ሲመጣ፣ አትሂድ ልትለው አፏን ከፈተች። ቀርቶ ምን ይበላል? መልሳ ዘጋችው። ወደ መናኸሪያው ሲወርድ ከሱቋ ደጃፍ ቆማ አየችው።