ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መቱ ላይ የመኪና ዕቃ ማግኘት ዘበት ነበር። የተሰበረውን ለእኛ ያመጡታል፤ እኛ ነሐስ አቅልጠን አዲስ እናወጣለታለን። የምናፈስበትን ቅርጽ ፎርማ እንለዋለን። ለወፍራም ዕቃ አሸዋ በእንጨት ሳጥን ጠቅጥቀን እንሠራ ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደ የብረት ፎርማም ነበረን፤ እሱ አይሰበርም፣ ግን አንድ ዓይነት ቀለበት ብቻ ነው የሚያወጣው። ለቀጭኑ ዕቃ የሰም ነው። በሰም ትቀርጻለህ፣ ጭቃ ታለብሰዋለህ፣ ከዚያ በእሳት ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ነሐሱን ታፈስበታለህ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አለቃዬ አንድ ደንብ ነበራቸው። ዕቃውን ያፈሰሰ ሰው፣ መኪናው መጀመሪያ ሲወጣ ከሾፌሩ ጎን ይሳፈራል። «እጅህን ካመንከው ቁጭ በልበት» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት የአንድ ቡና ጫኝ መኪና የፍሬን መርገጫው ክንድ ተሰበረ። ሁለት ጊዜ አፍስሼ ተበላሸብኝ። ሦስተኛውን ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ አፈሰስኩ፤ የእኛ አገር ዝናብ መቼ ጭቃ ያደርቃል? ፎርማው እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ነሐሱ ሆድ ውስጥ ባዶ ይተዋል። ክንዱን በክር አንጠልጥዬ በመዶሻ ነካ አደረግሁት። ደህና ነሐስ እንደ ቃጭል ይጮኻል። ያ ግን እንደ እንጨት ድፍን አለ። ሰማሁ። ለሦስተኛ ጊዜ አበላሸ እንዳልባል አፈርኩና ዝም አልኩ።

በነጋታው ክንዱ ተገጠመ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ፣ «ና ውጣ እንጂ! እንደ ሙሽራ ልሸከምህ?» አለኝ።

«ሆዴን ቆርጦኛል» አልኩ።

«ነሐሱን ጠጣኸው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

አለቃዬ ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው፣ «ተወው፣ እኔ እሄዳለሁ» አሉ። በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ሂን ሶዳቲን» አሉኝ፤ አትፍራ ማለታቸው ነው። ሆዱን ለታመመ ሰው አትፍራ ይባላል? የመዶሻውን ድምፅ እሳቸውም ሰምተው ይሆን? ይኸው እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

ጎሬ ሳይደርሱ መንገዱ በዝናብ ተናደ፤ መኪናው ገደል ገባ። ሾፌሩ ተረፈ። አለቃዬ አልተረፉም።

የፍሬኑን ክንድ ፈተው አመጡልኝ። አልተሰበረም። ሾፌሩ እጄን ይዞ እያለቀሰ፣ «ፍሬኑስ ይዞ ነበር፤ መሬቱ ነው የከዳን» አለኝ። ለቀስተኛውም በዚያው አጽናናኝ። እኔ ግን ያ ወንበር የማን እንደነበረ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ያፈሰስኩትን ዕቃ ሁሉ እስከ ጎሬም፣ እስከ ኡካም ተሳፍሬ ሸኝቻለሁ። ሾፌሮቹ፣ «ጋሼ፣ ምነው በሩ ላይ ተለጠፉ? ቦታ አለ እኮ፣ ጠጋ ይበሉ» ይሉኛል።

«ግድ የለም፣ ይበቃኛል» እላለሁ። መሐል ላይ የተውኩት ቦታ ለማን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።